መቀሱ በልጁ እጅ ይሁን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ስለ ሕፃናት የሥነ ጥበብ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በክፍለ ጊዜ ማነስና በቁሳቁስ እጥረት ላይ ተጀምሮ እዚያው ላይ ሲያልቅ እመለከታለሁ። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች መሆናቸውን አልክድም። በዚህ ደብዳቤ ላነሣው የፈለግሁት ግን ጊዜውም ቁሳቁሱም በተሟላበት ክፍል ውስጥ ሳይቀር የሚታየውን ሌላ ችግር ነው፤ ይኸውም ወረቀት፣ ብጣሽ ጨርቅ፣ ክር፣ ቅጠል፣ ካርቶንና ቀለም በአንድ ገጽ ላይ እየተጣመሩ የሚሠሩት የቅይጥ ቁስ ሥራዎች በስም የልጆች፣ በተግባር ግን የመምህሩ ሥራ ሆነው መቅረታቸው ነው።

የሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰቀሉት ክንፋቸው በአንድ ልክ የተቆረጠ፣ ዓይናቸው በአንድ ቦታ የተለጠፈ፣ ከታች ከተጻፈው ስም በቀር አንዱ ከሌላው የማይለይ ቢራቢሮዎች ናቸው። መምህሩ ወይም ረዳቱ ቁርጥራጩን ከዋዜማው አዘጋጅቶ ያድራል፤ ልጁ ማጣበቂያ ቀብቶ በታዘዘው ቦታ ይለጥፋል፤ የለጠፈው ከተንጋደደ ደግሞ የአዋቂ እጅ መጥቶ ያቃናዋል። የቢራቢሮው መጠን፣ ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ ምን ከምን በላይ እንደሚሆን፣ መቼ እንዳለቀ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። መመሪያ አዳምጦ በቅደም ተከተል መፈጸም ራሱን የቻለ ጠቃሚ ልምምድ ስለሆነ ይህን ዓይነቱን ሥራ ከነጭራሹ ይቅር አልልም፤ በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ስም መያዙ ግን የሌላውን ቦታ መውሰድ ነው።

ልዩ ልዩ ቁሶችን በአንድ ሥራ ማጣመር በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ውስጥ ጎልቶ የወጣው ከመቶ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሠዓሊው ፓብሎ ፒካሶ በ1912 እ.ኤ.አ. የወንበር ሽመና የታተመበትን የሰም ጨርቅ በሸራው ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በእውነተኛ ገመድ ከበበው፤ በዚያው ዓመት ባልደረባው ዦርዥ ብራክ የእንጨት መልክ የታተመበትን የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ በከሰል ከሣለው ሥዕል ጋር አዋሐደው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመናዊው ኩርት ሽቪተርስ ሰው የጣለውን የትራም ቲኬትና የዕቃ መጠቅለያ እየለቀመ ሥራዎቹን ይገነባ ነበር። በጋና ተወልዶ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን በናይጄሪያ ያሳለፈው ኤል አናትሱይ ደግሞ የተጣሉ የጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ የሚሸፍኑ ሥራዎችን ሠርቷል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ለዕድሜ ልክ አስተዋፅኦው የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተሰጥቶታል።

ከእነዚህ ሁሉ ለመምህራን የሚቀርበው ምሳሌ ግን የፈረንሳዊው ሠዓሊ የሄንሪ ማቲስ ይመስለኛል። ማቲስ በ1941 እ.ኤ.አ. ከባድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ቆሞ መሣል ስለከበደው፣ በ1954 እ.ኤ.አ. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ወንበርና አልጋ ላይ ሆኖ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ታላላቅ ሥራዎችን ሠራ። ወረቀቱን ቀለም የሚቀቡለት ረዳቶቹ ነበሩ፤ የቆረጠውንም እርሱ በሚያመለክታቸው ቦታ ግድግዳው ላይ በስፒል የሚሰኩለት እነርሱ ነበሩ። መቀሱን ግን ለማንም አልሰጠም፤ ሥራው ያለው መቁረጡና ቦታውን መምረጡ ላይ እንደሆነ ያውቅ ነበርና። በክፍሎቻችን የሚደረገው የዚህ ግልባጭ ነው፦ ቅቡን ለልጁ ትተን መቀሱንና ምርጫውን ለራሳችን እንይዛለን።

ችግሩ የዛሬ ብቻ አለመሆኑንም ልጨምር። ፍሬድሪክ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የሕፃናት ተቋሙን ሲከፍት ወረቀት ማጠፍን፣ መቁረጥን፣ መሸመንንና በጭቃ መሥራትን የዕለት ተግባር ያደረገው የልጅ አእምሮ በእጁ በኩል እንደሚሠራ አምኖ ነበር፤ ሆኖም ተከታዮቹ ተግባራቱን በተወሰነ ልክና ቅደም ተከተል የሚፈጸሙ ድርቅ ያሉ መልመጃዎች ያደረጉበት ጊዜ አለ። በአንጻሩ የሥነ ጥበብ መምህሩ ፍራንዝ ቺዜክ በቪየና በ1897 እ.ኤ.አ. በከፈተው የልጆች ክፍል ልጆች በመረጡት ቁስ በራሳቸው መንገድ እንዲሠሩ ፈቀደ። ስለዚህ በመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ውስጥ መዘዙ የቆየ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቁሱን ማን ያዝዝበታል የሚል።

ቁሱን ልጁ እንዲያዝዝበት የምሟገተው፣ የቅይጥ ቁስ ሥራ ዋናው አስተማሪ ቁሱ ራሱ ስለሆነ ነው። በሰም ክሬዮን መስመር ሥሎ በላዩ የውሃ ቀለም የቀባ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ቀለሙ ከመስመሩ ላይ እየሸሸ በባዶው ወረቀት ላይ ሲሰራጭ ያያል፤ ሰም ውሃን እንደማይቀበል ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ነጭ ክሬዮን በነጭ ወረቀት ላይ አስምሮ «አሁን ይመጣል» እያለ ጓደኞቹን ሲያስጠብቅ ብታዩት ዕውቀቱ የራሱ መሆኑን አትጠራጠሩም። ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው፣ ማለትም ቀለሙን ቀድሞ ክሬዮኑን ቢያስከትል፣ እርጥቡ ወረቀት ይቀደድበታል ወይም ክሬዮኑ አልይዝ ይለዋል፤ ይህም ትምህርት ነው፤ መምህሩ «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያን» ብሎ ካዘዘው ግን አያገኘውም።

ወረቀት መቅደድም እንዲሁ ተራ ነገር ይመስላል። በማሽን የተሠራ ወረቀት ጭረቶቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኙ በዚያ አቅጣጫ ሲቀደድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በአግድሙ ሲቀደድ ግን ይወላገዳል። አንባቢው ያነበበውን የጋዜጣ ገጽ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ቀድዶ ልዩነቱን ሊያየው ይችላል (ይህን ደብዳቤ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ)። ልጆች ይህን ሲደርሱበት ቀጥ ያለውን ቅዳጅ ለቤት ግድግዳ፣ የተወላገደውን ለተራራና ለደመና መለየት ይጀምራሉ። መቀስ መያዝ ገና ለሚከብደው ልጅ ደግሞ መቅደድ የጣቶቹን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ሁለቱን እጆቹን በተለያየ አቅጣጫ ማዘዝን የሚያስለምድ መሸጋገሪያ ነው።

ማጣበቂያውን እንመልከት። ነጩ ፈሳሽ ኮላ ሲደርቅ ጥርት ብሎ ስለሚጠፋ፣ ሥራው ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖብኛል ብሎ ያዘነ ልጅ በማግስቱ ጠዋት ሲመጣ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። በዱላ መልክ የሚመጣው ደረቅ ኮላ ወረቀትን በወረቀት ላይ ይይዛል፤ እንጨትንና ወፍራም ጨርቅን ግን ብዙም አይችላቸውም። ልጁ የዛፍ ቅርፊት በደረቅ ኮላ ለጥፎ ቀና ሲያደርገው ይወድቅበታል፤ ያኔ ክብደት፣ የሚነካካ ገጽ ስፋትና የመድረቂያ ጊዜ የሚባሉት ጉዳዮች በእጁ ይገባሉ። አንዳንዱ ልጅ በክር ያስረዋል፣ ሌላው ካርቶኑን በስቶ ያሾልከዋል፣ ሌላው ቅርፊቱን ትቶ የቅርፊቱን ሸካራነት ወረቀት አልብሶ በክሬዮን በመፈተግ ይገለብጠዋል። ከአንድ ውድቀት የሚወጡትን እነዚህን መፍትሔዎች የተመለከተ መምህር ቀጣዩን ቁርጥራጭ አስቀድሞ ለማዘጋጀት እጁ አይታዘዝለትም።

ሌላው ምክንያት ዕድሜን የሚመለከት ነው። የልጆችን ሥዕል ዕድገት ካጠኑት መካከል ቪክቶር ሎወንፌልድ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውን ጊዜ የመጫጫር ዘመን፣ ከአራት እስከ ሰባት ያለውን ደግሞ ልጁ የሚታወቅ ቅርጽ መፈለግ የሚጀምርበት ዘመን አድርጎ ከፍሎታል። ክፍፍሉ ለእያንዳንዱ ልጅ በቀኑ የሚፈጸም አይደለም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ግን ሰው፣ ቤትና ፀሐይ አሳምሮ የሚሥል ልጅና ገና መስመር የሚያመላልስ ልጅ ጎን ለጎን መቀመጣቸው የተለመደ ነው። እርሳስና ወረቀት ብቻ ሲቀርብ ሁለተኛው ልጅ «እኔ አልችልም» ማለትን በጣም ቀድሞ ይማራል። ጨርቅ፣ ክር፣ አሸዋና ሰጋቱራ ሲቀርብ ግን መለኪያው ይለወጣል፤ የሚመሳሰል ነገር መሣል ያልቻለው ልጅ ሸካራውን ከለስላሳው፣ ደማቁን ከደብዛዛው አጣጥሞ ማስቀመጥ ይችላልና። ዝግጁ ቅርጽ ማደል ይህንን ልዩነት የሸፈነው ይመስላል፤ የሚሸፍነው ግን ከወላጅ ዓይን ነው፤ ልጁ እንዳልሠራው ያውቃል።

ይህን ስል ቁሳቁሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ልጆቹን መተው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የመምህሩ ሥራ የሚበዛው በዚህኛው መንገድ ነው። ሠዓሊና ቀራፂው ሳይመን ኒኮልሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ሊንቀሳቀሱና ሊጣመሩ የሚችሉ ልቅ ነገሮች በበዙ መጠን የፈጠራ ዕድል ይሰፋል ሲል የተከራከረው በጥቅሉ ትክክል ቢሆንም፣ ለአራት ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት ቁስ ማቅረብ ግራ ያጋባዋል ባይ ነኝ፤ ከሁሉም አንዳንድ አንሥቶ ይከምርና ሌላ ጨዋታ ይፈልጋል። ሦስት ወይም አራት ዓይነት በቂ ነው፤ አንድ የሚለጠፍ፣ አንድ የሚታሠር ወይም የሚጠቀለል፣ አንድ የሚቀባ። ቀለሙም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ ብቻ ቢሆን አረንጓዴውንና ሐምራዊውን ራሳቸው ያገኙታል። ቁሱ በዓይነት በዓይነቱ በየሳህኑ ተለይቶ መቅረቡም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ተደባልቆ በአንድ ሣጥን የቀረበ ቁርጥራጭ ለልጅ ቆሻሻ ነው፣ ተለይቶ የቀረበው ግን ምርጫ ነው። በጣሊያን ከተማ ሬጆ ኤሚልያ በሎሪስ ማላጉዚ አነሣሽነት የዳበረው የሕፃናት ትምህርት በየትምህርት ቤቱ የጥበብ ሥራ ክፍልና በጥበብ የሠለጠነ መምህር እንዲኖር ከማድረጉም በላይ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ የፋብሪካ ትራፊዎችን እየሰበሰበ ለትምህርት ቤቶች በሥርዓት ለይቶ የሚያቀርብ ማዕከል ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ማዕከል በሌለበትም መለየቱና ማስተካከሉ ከመምህሩ አቅም በላይ አይደለም።

መሠረቱም ሊታሰብበት ይገባል። ለጽሕፈት የሚያገለግለው በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት ፈሳሽ ኮላና ቀለም ሲነካው የተነካው ጎኑ እየሰፋ ይጠቀለላል፤ ልጁም ሥራው ስለተበላሸበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ከ200 ግራም የማያንስ ወፍራም ወረቀት ወይም ከማሸጊያ ሣጥን የተቆረጠ ካርቶን ግን ይሸከምለታል። መቀሱ ጫፉ የደነደነ፣ ነገር ግን በእውነት የሚቆርጥ መሆን አለበት፤ የማይቆርጥ መቀስ ልጁን ወረቀቱን እያኘከ ከማናደድ ያለፈ ደኅንነት አይሰጠውም። ከአሥር ሰዎች አንዱ ገደማ ግራኝ በመሆኑ ለግራ እጅ የተሠራ መቀስ በክፍሉ ሊኖር ይገባል፤ በቀኝ እጅ መቀስ የሚታገለው ግራኝ ልጅ የሚቆርጠውን መስመር ስለቱ ስለሚሸፍንበት እጁ ደካማ ነው ተብሎ በከንቱ ይፈረድበታል። ጊዜውም ቢሆን በአንድ ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማለቁ ግዴታ አይደለም፤ የተለጠፈው ሳይደርቅ ቀለም ቢቀባበት ይንሸራተታልና ሥራውን ለሁለት ቀን መክፈል የቁሱም ጥያቄ ነው፤ ልጁም ትናንት ያቆመውን ዛሬ በአዲስ ዓይን ያየዋል።

ስለ ደኅንነት በአጭሩ፦ በብዙ አገሮች የመጫወቻ ደረጃ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የመፈተሻ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ትንሽ ነገር ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። የልብስ ቁልፍ፣ ዶቃና ጥራጥሬ በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ደረቅ ባቄላ አፍንጫ ውስጥ ከገባ በእርጥበት እየሰፋ ስለሚሄድ ከፍ ላሉትም ቢሆን ያለ አዋቂ ክትትል መቅረብ የለበትም። እንደ ልብስ ቁልፍ ያለ ትንሽ ክብ ባትሪና ጠንካራ ማግኔት ያለበት የተሰበረ ዕቃ ግን በየትኛውም ዕድሜ ወደ ሕፃናት ጠረጴዛ አይምጣ። ከዚህ ያለፈው ጥንቃቄ፣ ለምሳሌ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ተብሎ ኮላ እንዳይነኩ መከልከል፣ ከልጁ ይልቅ አዋቂውን የሚጠብቅ ነው።

ልጁ ሲሠራና ሲጨርስ የምንናገረውም ከቁሱ ያልተናነሰ ድርሻ አለው። «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሥራው የግድ የአንድ ነገር ምስል መሆን እንዳለበት ያስተምራል፤ ቅጠልና ክር በማጣጣም የተመሰጠ ልጅ ጠያቂውን ለማስደሰት «ዶሮ» ይላል፣ ከዚያም ዶሮ ለማስመሰል ሲል ያማረውን ያበላሻል። «እዚህ ጋ ክሩን እንዴት አድርገህ ያዝከው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የሽልማቱን ነገር በተመለከተ ደግሞ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት መምህራን ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነው። መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በሦስት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ከሣለ የክብር ወረቀት እንደሚሰጠው አስቀድሞ ተነገረው፤ ሁለተኛው ሳይነገረው በድንገት ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ተስፋ የተሰጣቸው ልጆች በሥዕሉ ላይ ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በየሥራው ላይ የምንለጥፈው ኮከብ ልጁን የሚያበረታታ ሳይሆን ፍቅሩን የሚሸረሽር ሊሆን ይችላል።

የሚቀርበውን መቃወሚያ አውቃለሁ። በአንድ ክፍል የልጆቹ ብዛትና አንድ መምህር ታስቦ፣ ልጁ ሁሉ በመረጠው ይሥራ ማለት ከእውነታ የራቀ ነው ይባላል። ሁሉም ልጅ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ከተፈለገ በእርግጥ የራቀ ነው። ነገር ግን ጥቂት ልጆች በቅይጥ ቁስ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ሌሎቹ በሌላ ጨዋታ ላይ እየቆዩ በየቀኑ መፈራረቅ ይቻላል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉም ይደርሰዋል። ዋዜማ እየታደረ የሚቆረጠው ቢራቢሮ የሚወስደው ጊዜም ከዚህ ያነሰ አይደለም። ወላጆች የተስተካከለ ሥራ ይፈልጋሉ የሚለው መቃወሚያ የበለጠ ክብደት አለው፤ ወላጅ ወደ ቤት የሚመጣለትን ወረቀት የትምህርት ቤቱ ጥራት ማስረጃ አድርጎ ማየቱ አያስወቅሰውም። የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ካልነገርነው ተጣብቆ የተጨማደደ ካርቶን ማየቱ ነው። ከሥራው ሥር ልጁ የመረጣቸው ቁሶች፣ የገጠመው ችግርና የፈታበት መንገድ፣ ከተቻለም ራሱ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ ወላጁ በሌላ ዓይን ያነበዋል፤ ከባልንጀራው ጋር ማወዳደሩንም ይቀንሳል።

የትምህርት ቤት ኃላፊዎችና ክፍል ጎብኚዎችም የሚጠይቁት ቢለወጥ መምህሩ ይቀልለዋል። ግድግዳው ሞልቷል ወይ፣ ሥራዎቹ ንጹሕ ናቸው ወይ የሚለው መመዘኛ መምህሩን ወደ ቢራቢሮው ይመልሰዋል፤ በአንድ ርዕስ የተሠሩት ሥራዎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይለያያሉ ብሎ መጠየቅ ግን ለማየትም ቀላል ነው፣ ለማታለልም ከባድ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ልጅ በባህላዊ ሕይወትና በሥነ ጥበብ በነፃነት የመሳተፍ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ «በነፃነት» የሚለውን ቃል የአንድ ክፍል መመዘኛ ለማድረግ የሚያስቸግር ነገር አይታየኝም።

ጋዜጣዎ የሕፃናትን የእጅ ሥራ የሚያትምበት አጋጣሚ ሲያገኝ ከልጁ ዕድሜ ጋር የተጠቀመባቸውን ቁሶች አብሮ እንዲያትም፣ ፎቶግራፉም ከፊት ብቻ ሳይሆን በጎን በኩል ብርሃን ገብቶ የቁሶቹ ውፍረትና ሸካራነት እንዲታይ ሆኖ እንዲነሣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለኅትመት የሚመረጡትም አዋቂ ያላቃናቸው ሥራዎች ቢሆኑ፣ በየክፍሉ መቀሱን ለልጆቻቸው የሰጡ መምህራን ለወላጆች የሚያሳዩት ነገር ያገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት